የፒያሳ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል

ከፒያሳ ካፌዎች በአንዱ ባንኮኒው ጥግ ቆማችሁ ማኪያቶ ስትጠብቁ ማሽኑን ልብ ብላችሁ እዩት። ብዙዎቹ ማሽኖች ከፊት ለፊታቸው የእጅ ሰዓት የሚመስል፣ በመስታወት የተሸፈነ፣ ቀጭን መርፌ ያለው መለኪያ አላቸው። ማኖሜትር ይባላል። መርፌው አብዛኛውን ጊዜ 1 ባር አካባቢ ይቆማል፤ ወተቱን አረፋ የሚያስደፍቀው እንፋሎት የሚወጣው ከዚያ ግፊት ነው። ማሽኑ የጣሊያን ሥሪት ከሆነ ምናልባት የተፈተሸው ሚላኖ አካባቢ ነው። ሚላኖ ላይ መርፌው 1 ባር ሲያሳይ፣ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው እንፋሎት 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል። እዚህ ፒያሳ ላይ ያው መርፌ ያንኑ 1 ባር ሲያሳይ እንፋሎቱ 116 ዲግሪ ገደማ ነው።

ለማኪያቶ አራት ዲግሪ ምንም አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ማሽን አንድ የቅርብ ዘመድ አለው። ከፒያሳ ተነስታችሁ ወደ ስድስት ኪሎ ብትወጡ፣ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመን ቤተ ሳይዳ ተብሎ የተቋቋመውን የካቲት 12 ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። በሌላ አቅጣጫ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል አለ። ወደ ቀበና በኩል ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል። ቀዶ ሕክምና ባለበት ቦታ ሁሉ አውቶክሌቭ የሚባል ዕቃ አለ፤ መቀሱ፣ መቆንጠጫው፣ ጨርቁ በእንፋሎት የሚመክንበት ማለት ነው። የማኪያቶ ማሽንና አውቶክሌቭ አሠራራቸው አንድ ነው፤ ውሃ፣ እሳት፣ የታፈነ እንፋሎትና አንድ መርፌ። እዚያ ላይ ግን አራት ዲግሪ የሰው ሕይወት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሕክምና ምህንድስና ነው። ስሙ ሲጠራ ሮቦትና ውስብስብ ኮምፒውተር ይታየናል። እኔ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ይህ መሣሪያ የተሠራው ለየትኛው አየር ነው?

ፒያሳ የምትገኝባት አራዳ ደሴት ናት ብል ባሕሩ የታለ ትሉኛላችሁ። ባሕሩ አየሩ ነው። አየር ክብደት አለው፤ ከላያችን እስከ ሰማይ የተቆለለው አየር ሁሉ ይጫነናል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሰው ሙሉውን ቁልል ይሸከማል፤ በሳይንስ ቋንቋ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ። ፒያሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች፤ ስለዚህ የቁልሉ ሩብ ያህል ከእግራችን በታች ቀርቷል። እኛን የሚጫነን 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው የዓለም ሕዝብ፣ አብዛኛው የመሣሪያ ፋብሪካና አብዛኛው የመፈተሻ ላቦራቶሪ ያለው ጥቅጥቅ ባለው አየር ውስጥ፣ ከታች ነው። እኛ ከዚያ ባሕር ብቅ ባለ ደሴት ላይ እንኖራለን።

ይህን አያቶቻችን በሌላ ቋንቋ ያውቁት ነበር። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው አገሩን በከፍታ የከፈሉት ያለ መለኪያ ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ስትመሠረት፣ ቤተ መንግሥቱ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወረደ። ከቆላ የመጣ እንግዳ ደግሞ ኩሽና ገብቶ ባቄላው አልበስል ብሎት ሲገረም ብዙ ጊዜ ታይቷል። የባቄላው ጥፋት አይደለም። ውሃ የሚፈላው ከላዩ የሚጫነውን አየር አሸንፎ ሲወጣ ነው። አየሩ ሲቀል ቶሎ ያሸንፋል፤ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ፣ ፒያሳ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ። እሳቱን ብታነዱበት ድስቱ ቢንተከተክ እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ እንፋሎቱን ካፈናችሁት ግን ይሞቃል፤ የግፊት ድስትም፣ የማኪያቶ ማሽንም፣ አውቶክሌቭም የተወለዱት ከዚህ ነው።

አሁን ወደ አውቶክሌቩ እንመለስ። ማምከን ማለት ጀርም መቀነስ ሳይሆን ጨርሶ መግደል ነው። ከጀርሞች ሁሉ አስቸጋሪዎቹ ስፖር የሚባለውን ጠንካራ ቅርፊት የሚያበጁት ናቸው፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ቆይተው በሕይወት የሚወጡ አሉ። ለዚህ ነው 121 ዲግሪ እንፋሎት ለ15 ደቂቃ የሚለው የቆየ ሕግ የወጣው። 121 ዲግሪ ለመድረስ እንፋሎቱ 205 ኪሎ ፓስካል ገደማ ጠቅላላ ግፊት ያስፈልገዋል። ችግሩ ያለው መርፌው ላይ ነው። መርፌው ጠቅላላውን ግፊት አያሳይም፤ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው። አሥር ደረጃ ያለው መሰላል አስቡ። ሜዳ ላይ አቁማችሁት ጣሪያው ላይ ያደርሳል። ጉድጓድ ውስጥ ካቆማችሁት ግን አሥሩንም ደረጃ ወጥታችሁ ጣሪያው ላይ አትደርሱም። መሰላሉ አላጠረም፤ የቆመበት መሬት ነው ዝቅ ያለው።

የድሮ አውቶክሌቮች መለኪያ ብዙ ጊዜ ፒ.ኤስ.አይ. በሚባል የግፊት አሃድ ነው፤ ማኑዋሉም መርፌው 15 ላይ ሲደርስ ሰዓት መቁጠር ጀምሩ ይላል። በባሕር ጠለል ላይ ትክክል ነው። በፒያሳ ከፍታ ግን 15 ላይ ሲደርስ ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ዲግሪ ለማግኘት መርፌው ወደ 19 መጠጋት አለበት። በማምከን ሳይንስ ውስጥ የታወቀ ስሌት አለ፤ ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ ሲወርድ ስፖሩን ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ አሥር እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት የአራት ዲግሪ ጉድለት ጊዜውን ሁለት ተኩል እጥፍ ያደርገዋል። 15 ደቂቃ ይበቃል የተባለው ሥራ ወደ 38 ደቂቃ ይጠጋል ማለት ነው። ማኑዋሉን ቃል በቃል የተከተለች ጠንቃቃ ነርስ፣ ምንም ሳታጠፋ፣ በግማሽ የመከነ መቀስ ልታወጣ ትችላለች። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ማኑዋሉ የተጻፈው ለሌላ አየር ነው።

አዳዲሶቹ አውቶክሌቮች ግፊቱን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱን ራሱን በሴንሰር ስለሚለኩ ይህን ስህተት አይሠሩም። እንደ ግፊት ድስት በእሳት ላይ የሚጣዱት ግን በመርፌያቸው የሚኖሩ ናቸው፤ እነሱም የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ ወደሚበልጥ ከፍታ ነው። መከነ አልመከነም የሚለውን ለማረጋገጥ ስፖር ያለባት ትንሽ ብልቃጥ ከዕቃዎቹ ጋር ትገባለች፤ ከወጣች በኋላ በሞቀ ማቆያ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ከስፖሮቹ የተረፉ ካሉ አድገው የፈሳሹን ቀለም ይቀይራሉ። በየወቅቱ እንዲህ እየተፈተሸ ውጤቱ በመዝገብ ቢሰፍርና ለዚያ ቦታ የሚሆነው የመርፌ ቁጥር በቀይ ቀለም ማሽኑ ላይ ቢጻፍ፣ ይህ ራሱ የሕክምና ምህንድስና ምርምር ነው።

ከእንፋሎት ወደ ትንፋሽ እንለፍ።

ሰዎች ከፍታ ላይ ኦክስጅን ያንሳል ሲሉ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የቀነሰ ይመስላቸዋል። ድርሻው አይቀንስም፤ ጅቡቲም አራዳም ከመቶው 21 ነው። የሚቀንሰው በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ብዛት ነው። እንጀራው በአንድ ዓይነት መንገድ ተቆርሷል፤ እዚህ ግን እንጀራው ራሱ ትንሽ ነው። በዚህ የተነሳ ሳንባው የታመመ ሕፃን እዚህ ከፍታ ላይ ከባሕር ዳርቻው ሕፃን ቀድሞ የኦክስጅን ድጋፍ ሊያስፈልገው ይችላል።

ሲሊንደር በሌለበት ኦክስጅን የሚገኘው ኮንሰንትሬተር ከሚባል መሣሪያ ነው። አሠራሩን ማወቅ ደስ ይላል። ኮምፕረሰር ከክፍሉ ውስጥ አየር ስቦ ዚዮላይት በሚባል ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ማዕድን ውስጥ ይገፋዋል። ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀራል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። የዚዮላይት በርሜሎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው የያዘውን ናይትሮጅን ያራግፋል። ኮንሰንትሬተር አጠገብ የተኛ ሰው በየጥቂት ሰከንዱ የሚሰማው ትንፋሽ መሳይ ድምፅ ይኸው መፈራረቅ ነው። ከጤነኛ ማሽን የሚወጣው ጋዝ ከመቶው 93 ገደማ ኦክስጅን ነው።

በቀጭን አየር ውስጥ ግን ኮምፕረሰሩ በአንድ ዙር የሚስበው በሩብ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ ራሱ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩ ሲቀል ሙቀቱን የሚወስድለት ያጣል። ለኤሌክትሪክ ሞተሮች የተለመደው ዓለም አቀፍ መስፈርት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለውን ብቻ ታሳቢ የሚያደርገው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለኮንሰንትሬተር ባወጣው መስፈርት ደግሞ ማሽኑ በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ፣ ቢያንስ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ፣ ከመቶው ከ82 ያላነሰ ኦክስጅን መስጠት አለበት ይላል። ለብዙ አገር የሚበቃ ልግስና ነው። አራዳ ግን ከዚያ መስመር 400 ሜትር ወደ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ገደማ። መስፈርቱን ያሟላ ማሽን እንኳ እነዚህ ከተሞች ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰጥ ወረቀቱ አይናገርም፤ የኦክስጅን መለኪያ በማሽኑ አፍ ላይ ይዞ መለካት ያስፈልጋል። ለሕክምና ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሁሉ የሚያገለግለው አይ.ኢ.ሲ. 60601-1 የተባለው መስፈርትም ከፍታን ታሳቢ ያደርጋል። ከፍ ባለ ቦታ ለሚሠራ ዕቃ በኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል የሚተወው የአየር ክፍተት እንዲሰፋ ያዛል፤ ቀጭን አየር ብልጭታን በቀላሉ ያሳልፋልና።

ሁሉም መሣሪያ ግን በከፍታ አይሳሳትም። የደም ግፊት መለኪያ የሚለካው ትርፉን ብቻ ስለሆነ፣ አውቶክሌቩን ያሳሳተው ነገር እሱን ትክክል ያደርገዋል። ማደንዘዣን በትነት የሚሰጠው የተለመደው መሣሪያም ከፍታ ላይ በመቶኛ ሲታይ ብዙ ይሰጣል፤ አእምሮን የሚያደነዝዘው ግን መቶኛው ሳይሆን የጋዙ ግፊት ነው፤ እሱም ብዙም ስለማይለወጥ ራሱን በራሱ ያርማል ማለት ይቻላል። የትኛው ራሱን እንደሚያርምና የትኛው እንደማያርም ለይቶ ማወቅ የዚህ ሙያ ግማሹ ነው።

ከመሣሪያዎች ሁሉ እኔን የሚስበኝ ፐልስ ኦክሲሜትር ነው፤ ጣት ላይ ቆንጠጥ የሚደረገው። የአሠራሩን መርህ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያገኘው ታኩኦ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። ቀይ ብርሃንና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ በጣት ውስጥ ያልፋሉ፤ ኦክስጅን የጫነ ደምና ያልጫነ ደም ሁለቱን ብርሃኖች በተለያየ መጠን ይውጧቸዋል፤ መሣሪያው በልብ ምት የሚርገበገበውን ብቻ ለይቶ ያሰላል። መርፌ የለም፣ ደም አይቀዳም። እንዲህ ያለ ጥበብ ከአንድ ደሴት አገር ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ።

ቁጥሩን ስናነበው ግን ሁለት ነገር ማሰብ አለብን። አንደኛው ቆዳችን ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ነው እያለ ደማቸው ግን ኦክስጅን ያጣ ሕመምተኞች ከነጮቹ ይልቅ በጥቁሮቹ ዘንድ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚገኙ አሳይቷል። ሁለተኛው ከፍታው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከ 2,500 ሜትር ባለ ከፍታ ሕፃን ኦክስጅን የሚሰጠው ንባቡ ከ90 በታች ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ ባለ ከፍታ ደግሞ 87 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን። አሁን ካርታውን አስቡት። ከፒያሳ በአራት ኪሎ አልፎ በስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ታክሲ ይህን የ2,500 ሜትር መስመር መንገድ ላይ ያቋርጠዋል። በመመሪያው ቃል ከሄድን አንድ ታክሲ ተሳፍራ የወረደች እናት ልጇ የሚለካበት ደንብ ይለወጥባታል። ይህ የመመሪያው ጥፋት አይደለም፤ መስመር የሆነ ቦታ መሰመር አለበት። የእኛ ከተማ ግን መስመሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ስለዚህ የጤነኛ ሕፃን ትክክለኛ ንባብ በየሰፈሩ ስንት እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

አካላችንም የራሱ ምህንድስና አለው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው ውጤቱን አሳተሙ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢናቸውን አብዝተው ነው። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው አይበዛም፤ የደማቸው የኦክስጅን መጠን ግን ዝቅ ይላል። የአምባራስ ሰዎች ሁለቱንም አልመሰሉም። ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ቆየት ብሎ የተደረገ ሌላ ጥናት በባሌ ተራሮች የሚኖሩት ላይ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ አገኘ። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ አካል ከፍታን የሚለምድበት መንገድ አንድ አይደለም ማለት ነው። ከየአውራጃው የመጣ ሰው የሚኖርባት አራዳ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ጎረቤት ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ አንድ ቁጥር እነዚህን ሁሉ ሊወክል አይችልም።

ለዚህ ሁሉ ምን መሥራት ይቻላል? አንድ ምሳሌ ብዙ ያስተምረኛል። ባንግላዴሽ ውስጥ ዶክተር ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ በሳንባ ምች ለተያዙ ሕፃናት ከሻምፖ ጠርሙስና ከቀጭን ቱቦ መሣሪያ ሠሩ። ኦክስጅኑ ወደ ሕፃኑ አፍንጫ ይሄዳል፤ ሕፃኑ ወደ ውጭ የሚተነፍሰው ግን ጫፉ ውሃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ ነው። ቱቦው አምስት ሴንቲ ሜትር ከገባ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ማብቂያ ላይ የአምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ግፊት ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ጥቃቅኖቹ የሳንባ ከረጢቶች እንዳይጣበቁ ያ ይበቃል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከዳካ የወጣው ጥናት 225 ሕፃናትን ያካተተ ነበር። በተለመደው መንገድ ኦክስጅን ከተሰጣቸው ከመቶው 15 ሲሞቱ፣ በዚህ ዘዴ ከታከሙት የሞቱት ከመቶው 4 ናቸው፤ ልዩነቱ ጎልቶ በመታየቱ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ። ያው ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ12 ሆስፒታሎች ተፈተነ፤ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ውጤት እዚህም ሕክምናው ያልሠራላቸው ሕፃናት በዚህ ዘዴ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል።

በዚህ መሣሪያ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የውሃው ጥልቀት የሚለካው ትርፉን ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ዳካም አምባራስም አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። መለዋወጫ የለውም፣ መርፌ የለውም፣ ከፍታ አያሳስተውም፤ ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ምልክት ይበቃዋል። ረቂቅ የሆነው መሣሪያ ብቻ ነው ምህንድስና ብለን ካሰብን እንዲህ ያለውን እናልፈዋለን።

በሌላ በኩል በእርዳታ የሚመጣው መሣሪያ አለ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት በ16 አገሮች ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ መርምሮ ከመቶው 38 ያህሉ የማይሠሩ ሆነው አግኝቷል። ጥናቱ ምክንያት ያደረገው የሠለጠነ ሰው፣ መሠረተ ልማትና የአስተዳደር ጉድለትን ነው። ከፍታ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ስለሚሠራ ብቻውን ለመያዝ ያስቸግራል፤ ሞተሩ ተቃጠለ ይባላል እንጂ ቀጭን አየር ገደለው አይባልም። ለሞት ምክንያቱ ካልተጻፈ ደግሞ የሚቀጥለውም በዚያው ይሞታል።

የሚጽፉት ሰዎች እየወጡ መሆናቸው ደስ ያሰኘኛል። አምስት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጎታል፤ ለከፍታ የሚሆን ፈተና የሚጠይቅ መመሪያ ለማውጣት ቦታው አለ። አራዳ ደግሞ በእጅ ሥራ አዲስ አይደለችም። ሰባራ ባቡር ከሚባለው ቦታ ብዙም የማይርቀው ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን ከሰፈሩበት የእጅ ባለሙያዎች ነው።

ትልቁ ዕድል ግን ሌላ ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ፋብሪካ ማሽኑ 2,500 ሜትር ላይ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ አየሩ የሚመጠጥለት፣ ውድ የሆነ የብረት ክፍል መሥራት አለበት። የአምስት ኪሎ ተማሪ መስኮት መክፈት ይበቃዋል። ከፍ ማድረግ ሲፈልግ እንጦጦ አለለት። ዝቅ ማድረግ ሲፈልግ አገሩ እስከ ዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ እስከሚለው፣ ይወርዳል፤ በሌላው ጫፍ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ይቆማል። የመኪና መንገድ በሚደርስበት ሁሉ አንድ መሣሪያ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው አየር የሚፈተንበት ላቦራቶሪ ተዘርግቶ ተቀምጧል።

መጀመሪያውን ፈተና እናንተም መሥራት ትችላላችሁ። እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትርና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ። ፒያሳ ላይ ውሃ አፍሉና ቴርሞሜትሩን የብረት ድስቱን ግርጌ ሳታስነኩ ንከሩት፤ 92 ገደማ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም ውጡ። እዚያ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፤ ሙቀቱ ግን 90 ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች፣ ቀኑንና ቦታውን ደብተር ላይ ጻፏቸው።